የወናፍ ድምፅ

ከጎንደር ከተማ ተነሥተን በደባርቅ መንገድ ጥቂት እንደ ሄድን ወለቃ ደረስን። ቀድሞ በዚህ መንደር ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ከጎንደር አገር ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ።

በዱሮ ጊዜ ብረት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ባለ እጆች ብረት ያለበትን ድንጋይ ቆፍረው ያወጣሉ። ድንጋዩን ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ ይጨምራሉ። ከቆዳ በተሠራ ወናፍ እሳቱን ያናፋሉ። ብረቱ ከድንጋዩ ይለያል። ኋላ የመኪና ስብርባሪ በገበያ ሲገኝ ቁፋሮው ቀረ። ቅጥቀጣው ግን አልቀረም።

በጋፋት ስለ ተሠራው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስለ ደረሰው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ሁሉም ያወራል። ማረሻን ግን ማን ያነሣል?

ከዳባት ወዲያ አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ አገኘን። «እንደምን ዋሉ፣ አባባ?» አልናቸው። የመጣነው ሥራቸውን በስልክ ለመቅዳት ነው፤ ድምፁንም ምስሉንም።

«ድምፁን ቅዱ። እጄንም አንሡ። ፊቴን ግን ተዉት» አሉን።

ለምን ብለን አልጠየቅንም። ገበሬው ማረሻውን ከእጃቸው ይወስዳል። ዞር ሲል «ቡዳ» ይላቸዋል። ይህ ነውር ነው። ዱሮ ብዙ ባለ እጅ ርስት አልነበረውም፤ የሚያርሰው የሰው መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለእሱም የማረስ መብት ሰጠው። ስድቡን ግን አዋጅ አላስቀረውም።

ወናፉ «እፍ፣ እፍ» ይላል። ከሰሉ ይንጣጣል። መዶሻው በጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ወፍራም ነው። ብረቱ ሲበርድ ድምፁ ይቀጥናል። አባባ ብረቱን መቼ ወደ እሳት እንደሚመልሱ የሚያውቁት በዓይን ብቻ አይደለም፤ በጆሮም ነው። እኛ እኮ ሥራው ጉልበት ብቻ ይመስለን ነበር።

ማታ የመንደሩ ሰው በአንድ ቤት ተሰበሰበ። መጀመሪያ ምስሉን ደብቀን ድምፁን ብቻ አሰማን።

«ወፍጮ ነው!» አለ አንዱ ልጅ።

«ኧረ ፈረስ ነው የሚተነፍሰው!» አለች ሌላዋ። ሁሉም ሳቀ።

ቀጥለን እጆቹንና ቀዩን ብረት አሳየን። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ያቺ ማረሻ የኛ ናት! ዛሬ ልጄ ያሠራት ናት» አሉ አንዲት ባልቴት።

አባባ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ባልቴቷ ዞር ብለው አዩአቸውና በመደቡ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። አንድ ሰው ተነሥቶ ወጣ። ሌሎቹ አልተነሡም።

አባባ ተቀመጡ። «እስቲ ድገሙልኝ» አሉን።

ሦስት ጊዜ አሰማናቸው።