ከሜልኮል መስኮት መውረድ



አንድ ቅዳሜ ማታ እኔና ባለቤቴ ከሃያ ዓመት ልጃችን ጋር ዴንቨር ውስጥ ኮንሰርት ለመግባት ተሰለፍን። ፊትና ኋላችን ፀጉራቸውን አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ወጣቶች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያየን ኮፍያችንን ዝቅ አድርገን ነበር።

ልጃችን ፋይቭ አይረን ፍሬንዚ የተባለውን ባንድ የወደደው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 እዚሁ ዴንቨር በክርስቲያን ወጣቶች ተመሠረተ፤ በ2003 ተበትኖ በ2011 እንደ ገና ተሰበሰበ። የሚጫወቱት ስካ ፐንክ ይባላል። ስካ በጃማይካ ተወልዶ በኋላ ሬጌን ያስገኘ ስልት ነው፤ ጊታሩ ምቱን ተከትሎ ሳይሆን በምቶቹ መካከል «ጨክ፣ ጨክ» ይላል። ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን አብረውት ይነፋሉ። የፐንክ ፍጥነት ሲጨመርበት ዝም ብሎ መቆም ያስቸግራል።

እኛ ግን «ይህ ዘፈን ነው» ብለን ገላትያ 5፥21ን ጠቀስንበት። አንድ ቀንም ክፍሉ ገብተን የባንዱን ቲሸርት ቆሻሻ ውስጥ ጣልነው። ልጃችን አልተቆጣም። ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ አብሮን መምጣት ተወ፤ ማዕድ ላይም ዝም አለ። ዝምታው አራት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ «አባዬ፣ እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጥታችሁ እዩ» አለን።

ገብተን የኋላውን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ሙዚቃው ሲጀመር ወለሉ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ወጣቶቹ ክብ ሠርተው እየተገፋፉ ይዘልላሉ፤ ልጃችንም መካከላቸው ነበር። ድንገት አንዲት ልጅ ወደቀች። ገና «ኢየሱስ!» ከማለታችን አራት አምስት እጆች አነሷት፤ አንዱ መነጽሯን ፈልጎ ሰጣት፤ ዝላዩ ቀጠለ። እርስ በርስ ተያየን። በጉባኤያችን አንድ ሰው ሲወድቅ ስንት እጅ ያነሣዋል? ስንት ጣትስ ይቀሰርበታል?

በሁለት መዝሙሮች መካከል ባለቤቴ «ሜልኮልን ሆነናል» አለች። ልክ ነበረች። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘልል ሜልኮል በመስኮት ሆና አይታ ናቀችው (2ኛ ሳሙኤል 6፥16)። እርሱ መንገድ ላይ ነበር፤ እርሷ ግን አልወረደችም።

አንድ ነገር እንናዘዝ። በገላትያ ላይ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል የስካር ፈንጠዝያን እንደሚያመለክት በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምረናል። ደግሞም ያው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ዳዊት በጌታ ፊት ያደረገውን ሲተርክ «መዝፈን» የሚለውን ግስ ይጠቀማል። ይህን እያወቅን ለልጃችን አልነገርነውም። በክርክሩ እንዳንሸነፍ ቃሉን ግማሽ አድርገን ሰጠነው። ዘፈን ሁሉ መልካም ነው እያልን አይደለም፤ መመርመር ተገቢ ነው። እኛ ግን ሳንመረምር ነበር የፈረድነው።

ባንዱ ዘወትር ኮንሰርቱን የሚዘጋው «ኤቭሪ ኒው ዴይ» በተባለው መዝሙር ነው፤ ጸሎት ነው። ልጃችን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ዘርግቶ ዘመረ። እጆቹን ዘርግቶ ካየነው አራት ዓመት አልፎ ነበር። እኛም ኮፍያችንን አወለቅን።

ስንወጣ አንድ ቲሸርት ገዝተን ሰጠነው። «ያኛውን የጣልነው እኛ ነን። በድለንሃል፣ ይቅር በለን» አልነው። ገልጦ አየውና ሳቀ። «ይሄ እኮ ያኔ የምለብሰው ቁጥር ነው፤ አሁን አይገባኝም» አለ። ተመልሰን ቀየርነው።

በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ማዕድ ላይ ግን ያወራናል፤ እኛም እንሰማዋለን።

ወላጆች ሆይ፣ ከመስኮቱ እንውረድ። በእኛ በአማኞች ፍርድ ቆስለህ ከደጅ የቀረህ ወንድማችን፣ የቀረሽ እኅታችን፣ ይቅር በሉን፤ ጌታ ኢየሱስ እናንተን ለመፈለግ ወደ መንገዱ የወረደ ነው።

አባት ሆይ፣ የልጆቻችንን ልብ ወደ እኛ፣ የእኛንም ልብ ወደ ልጆቻችን መልስ። አሜን።