አይጥ የበላው ደብተር

የተወደድሽ እኅቴ ሆይ፤ ይህችን መጽሔት የምታነቢያት ምናልባት ሥራሽ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍልሽ ውስጥ፣ የደከመ እግርሽን ዘርግተሽ ይሆናል። ስለዚህ በብዙ ቃል አላደክምሽም። የምነግርሽ ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን የታሰበለትን ሥራ አልሠራም። ሥራውን የሠራው እንዳንቺ በሰው ቤት የምታገለግል አንዲት እኅት የተናገረችው ቃል ነው።

በማስቀት ያሉትን ምእመናን ለማገልገል በመጣሁበት ወራት ያረፍሁት በዋዲ ከቢር ነበር። ሰፈሩን የምታውቂው ከሆነ፣ ከሩዊ እልፍ ብሎ፣ ሣር የማይበቅልባቸው ድንጋያማ ተራሮች የከበቡት፣ ፎቁና ጋራዡ፣ ሱቁና መጋዘኑ ተቀላቅሎ የሚታይበት ቦታ ነው። ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ያገኙ እኅቶች ሲመጡ ተቀምጠን እንጨዋወት ነበር። ከእነርሱ አንዷ የወሎ ልጅ ናት። በአንድ የሕንድ ቤተሰብ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ስሟን አልጠራም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች።

አንድ ዓርብ ዓይኗ አብጦ መጣች። «አባቴ፣ ለልጄ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ልጅቱ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከአያቷ ጋር ሆና ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። «ትምህርት በቃኝ፤ ዕድሜዬን አስጨምሬ ፓስፖርት አወጣለሁ፤ እንዳንቺ ዐረብ አገር እሄዳለሁ» ብላ ልካባታለች። እናት ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ነገረችኝ።

እኔም ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። ትምህርት ብርሃን ነው አልሁ። የእናቱን ምክር የማይሰማ ልጅ መጨረሻው አያምርም አልሁ። ተረትና ምሳሌ ጨመርሁበት፤ ከመጻሕፍትም ጠቀስሁ። በመጨረሻ እንደ ካህን አዝዤ ዘጋሁት። መልሼ ሳነበው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አማረኝ። እናትየዋም በስልኳ ፎቶ አንሥታ በኢሞ ላከችላት።

መልሱ በማግሥቱ በድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ይህ የቄስ ደብዳቤ ነው። አንቺ ያልሽው የትኛው ነው? አንቺስ ከአምስተኛ ክፍል አይደል ያቋረጥሽው? ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበስሽው ተምረሽ ነው? ባሕሩ ዳር የተነሣሽውን ፎቶ አይቻለሁ፤ ሐብሉንም አይቻለሁ።»

እናትየዋ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ ስታሰማኝ ዝም አልሁ። ፎቶውን የተነሣችው በአንድ የዕረፍት ቀን ሙትራሕ ባሕር ዳር ነው። ሐብሉ የጓደኛዋ ነበር፤ ለፎቶው ብቻ ነው የተዋሰችው።

እንግዲህ ነገሩ የተለወጠው ባላሰብነው በኩል ነው። እኅታችን የምታገለግልበት ቤት ልጅ በዋዲ ከቢር የሕንድ ትምህርት ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ፈተና ሲቀርብ ወጥ ቤት መጥታ ትቀመጥና፣ «አንቲ፣ አንቺን ላስረዳሽ፤ ላንቺ ከገባሽ ለፈታኙም ይገባዋል» እያለች ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በዐረብኛ፣ የቀረውን በእጇ እያሳየች ትነግራታለች። እኅታችንም ሽንኩርቷን እየላጠች ታዳምጣለች። በሕንድ ሥርዓት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ሲማሩበት በኖሩት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ ውስጥ «የልጅነት ትዝታዎች» የሚል ምዕራፍ አለ። በእርሱም ውስጥ ሁለት ሴቶች ልጅነታቸውን ይተርካሉ።

የመጀመሪያዋ ዚትካላ ሻ ትባላለች። ከአሜሪካ ጥንታውያን ባለ አገር ነገዶች ከአንዱ በ1876 እ.ኤ.አ. ተወለደች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ከእናቷ ተለይታ ሚስዮናውያን ወዳቋቋሙት ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደች። በ1900 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ትዝታዋ የዚያን ቤት የመጀመሪያ ቀን ትነግረናለች፦ ብርዱን፣ የደወሉን ጩኸት፣ ሥርዓቱን ሳታውቅ ከሁሉ ቀድማ ወንበር ላይ መቀመጧንና ማፈሯን። ከዚያም ጠጉራችሁ ሊቆረጥ ነው የሚል ወሬ ሰማች። በወገኖቿ ዘንድ ጠጉሩን የሚያሳጥረው ሐዘንተኛ ነው፤ በጠላት እጅ የሚቆረጥበትም ተማርኮ የወደቀ ፈሪ ነው። ሾልካ ፎቅ ወጣችና አልጋ ሥር ተደበቀች። ጎትተው አወጧት፤ ከወንበር ጋር አሰሯት፤ ሹሩባዋን ቆረጡት። እናቷን እየተጣራች አለቀሰች፤ መጥቶ ያጽናናት ግን አልነበረም።

ሁለተኛዋ ባማ ትባላለች። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ በ1958 እ.ኤ.አ. ተወለደች፤ ሌላው እንዳይነካቸው ከሚጸየፋቸው ወገን ናት። «ካሩኩ» የተባለውን የሕይወት ታሪኳን በ1992 እ.ኤ.አ. አሳተመች። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዐሥር ደቂቃውን መንገድ ገበያውንና ሱቁን እያየች እስከ አንድ ሰዓት ታደርሰው ነበር። አንድ ቀን የሰፈሯ ሽማግሌ አንድ የምግብ ጥቅል በክር አንጠልጥሎ፣ እጁ እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ለባለ መሬቱ ጌታ ሲያቀርብ አየች። ሳቋ መጣ። ቤት ገብታ ለታላቅ ወንድሟ ስትነግረው እርሱ አልሳቀም። የእኛ ሰው እጅ ከነካው ምግቡ ይረክሳል ብለው ስለሚያምኑ ነው አላት። ሳቋ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ወንድሟም የሚያስከብረን ትምህርት ነውና በርቺ ብሎ መከራት፤ እርሷም በርትታ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች።

መጽሐፉ በምዕራፉ መጨረሻ ተማሪውን ይጠይቃል፦ በሁለት የተራራቁ አገሮች የተጻፉ የእነዚህ ትዝታዎች አንድነታቸው ምንድን ነው? የማዳሟ ልጅ ይህን ጥያቄ ስታጠና እኅታችን ቀድማ መለሰችላት። «ሁለቱም ሰው እንደ ዕቃ ሲቆጠር አይተዋል» አለቻት። ለእኔም በዓርቡ ስትነግረኝ፣ «አባቴ፣ በእኛም አገር ጠጉር የሚላጨው ሰው ሲሞት ነው። የዚያችም ልጅ አገር እንዲሁ ኖሯል። ማንም ሳይሰብከኝ ጠጉሬን የቆረጡኝ መሰለኝ» አለችኝ።

«ማንም ሳይሰብከኝ» የሚለው ቃል ከእንቅልፍ ቀሰቀሰኝ። እኅቴ ሆይ፤ ሰውን ለማሳመን የሚጻፍ ድርሰት አለ፤ ልጅነትን ለማስታወስ የሚጻፍም አለ። በትምህርት ቤት ሁለቱን ለየብቻ ያስተምሯቸዋል። አሳማኙ ድርሰት በትክክል ሲጻፍ ሦስት ነገር ይኖረዋል፦ ጸሐፊው እንድታምኚለት የሚፈልገው ነገር፣ ለዚህም የሚያቀርበው ምክንያትና ማስረጃ፣ ደግሞም ተቃዋሚው ለሚያነሣው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ። እኔ የመጀመሪያውን በብዛት ጻፍሁ፤ ከሁለተኛው ጥቂት ነካሁ፤ ሦስተኛውን ፈጽሞ ረሳሁት። ልጅቱ ያቀረበችው የቆርቆሮ ቤት እውነተኛ ማስረጃ ነበር። እኔ ግን አልመለስሁላትም፤ አዘዝኋት እንጂ።

ያሳፈረኝ ደግሞ ይህ ነው። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ወደ ፊልሞና የተጻፈችው መልእክት ከእጄ ተለይታ አታውቅም። አንዲት ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር ብቻ ናት። ቅዱስ ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ፣ አናሲሞስ ስለሚባል ከጌታው ቤት ስለ ወጣ ባሪያ ለዚያው ጌታ ይጽፍለታል። ማዘዝ የሚችል ሲሆን አላዘዘም፤ ስለ ፍቅር ለመነ። አስቀድሞ የፊልሞናን መልካም ሥራ አመሰገነ። ሽምግልናውንና እስራቱን አስታወሰ፤ አናሲሞስን ልጄ ብሎ ጠራው። ፊልሞና «ያጎደለብኝ ዕዳስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ዐውቆ፣ ያለበት ዕዳ ካለ እኔ እከፍላለሁ አለ። የተቃዋሚውን ጥያቄ ከአፉ ቀድሞ መለሰለት ማለት ነው። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ፣ ብዕር ስይዝ ግን ረሳሁት።

የልጅነት ትዝታን ስታነቢ ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጊ። በውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ያን ጊዜ ያየችው ልጅና ዛሬ የምትጽፈው ዐዋቂ። ባማ ልጅ ሳለች ስቃለች፤ ዐዋቂዋ ባማ ግን ያንን ሳቅ አልደበቀችውም። ደብቃው ቢሆን ቁጣዋም አይገባንም ነበር። እኔ በጎጃም ቅኔ ስማር ገና ጉባኤ ቃና ስንሞክር፣ አንዳንዶቻችን ምሥጢሩን እንዲያው ገላልጠን እናቀርብ ነበር። የኔታም «ወርቁን አሳየኸኝ፤ ሰሙ የታለ?» ብለው ይመልሱናል። ለዚያች ልጅ የላክሁት ደብዳቤ ሰም የሌለው ወርቅ ነበር።

በእኛም አገር ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። አለቃ ለማ ኃይሉ የተባሉት ሊቅ ልጅነታቸውንና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ኑሯቸውን እየተናገሩ፣ ልጃቸው ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ጽፎ «መጽሐፈ ትዝታ»ን በ1959 ዓ.ም. አሳትሞታል። አባት ተናገሩ፤ ልጅ ጻፈ። ይህችን ነገር ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኅታችን ሌላ ደብዳቤ እንድጽፍላት አልጠየቀችኝም። በሚቀጥለው ዓርብ ስልኳን አወጣችና «ራሴ ላክሁላት፤ ይስሙት» አለችኝ። ድምፅዋ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ ይህ ምክር አይደለም። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ደብተር ነበረኝ፤ ግማሹ ያልተጻፈበት። አባቴ ታመመና በሬው ተሸጠ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ስላሉኝ፣ ስመለስ ልቀጥልበት ብዬ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ከጎታው ጀርባ ሸሸግሁት። እንጨት ለቅሜ በገባሁ ቁጥር እጄን ሰድጄ እዳስሰው ነበር። ከክረምት በኋላ ሳወጣው አይጥ በልቶታል። የቀረው ሽፋኑና ስሜ የተጻፈበት ጥጉ ነው። አላለቀስሁም። ጥጉን ቀድጄ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበስሁት እኔ ነኝ፤ እሱ እውነት ነው። ሐብሉ ግን የእኔ አይደለም፤ የጓደኛዬ ነው።»

ይኸው ነው። «ተማሪ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልነበረበትም። እውነት የሆነውን የልጅቱን ማስረጃ አመነችላት፤ ሐሰት የሆነውን ነገረቻት፤ ደብተሩን አሳየቻት። ፍርዱን ለልጅቱ ተወችላት።

ልጅቱ አራት ቀን ዝም አለች። በአምስተኛው ቀን ጠየቀች፦ «እማዬ፣ ደብተሩ የምን ትምህርት ነበር?» «የአማርኛ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ልጅቱ እናቷ የነገረቻትን በራሷ የአማርኛ ደብተር ላይ ጻፈችውና ፎቶ አንሥታ ላከችላት። እናት ተናገረች፤ ልጅ ጻፈች። ያዢልኝ ያልሁሽ ይህ ነው።

ልጅቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ተፈትና ዘጠነኛ ገብታለች። ነገሩ አለቀ አልልሽም። «ዐሥራ ሁለተኛን ልጨርስና ያን ጊዜ እንነጋገራለን» ብላለች። እናቷ ለጊዜው ይህ በቅቷታል።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ደላላው በአገር ቤት ለታናሽ እኅትሽ የሚነግራት ነገርም ሰውን ማሳመኛ ነው። «እገሊት ሄዳ ቤት ሠራች» ሲል ትዝታ ይመስላል፤ ነገር ግን ከታሪኩ ያስቀረውን ማን ይጠይቀዋል? እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሚ ወይም ስታነቢ አራት ነገር ጠይቂ። ምን እንዳምን ይፈልጋል? ማስረጃው ምንድን ነው? ምን አስቀረ? ባምነው የሚጠቀመው ማን ነው?

ደላላውን ብቻ አልወቅስም። እኔም በዐሥር ዓመቴ ከቤት ወጥቼ የቆሎ ተማሪ ስሆን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቁራሽ ስለምን ውሻ ነክሶኝ ነበር። ለእናቴ የላክሁት መልእክት ግን «ደኅና ነኝ» የሚል ብቻ ነው። ያን የሰማ ታናሽ ወንድሜ ተከትሎኝ መጣ፤ ተስቦ ይዞት በቃሬዛ ተመለሰ። እግዚአብሔር አተረፈው። ዛሬም ሳገኘው ያች «ደኅና ነኝ» ትዝ ትለኛለች። በተዋስሽው ሐብል የተነሣሽው ፎቶም እንዲሁ ነው፤ አንቺ ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ብለሽ ትልኪያለሽ፤ በዚያ ያለችው ልጅ ግን ፓስፖርት ለማውጣት ምክንያት ታደርገዋለች።

መከራሽን ሁሉ በልጅሽ ላይ አፍስሺ ማለቴ አይደለም፤ ልጅ ያንን መሸከም አይችልም። ዓርብ ዕረፍት ስታገኚ ስልክሽን ያዢና ከልጅነትሽ አንዲት ነገር ብቻ ንገሪያት፤ በእጅሽ የዳሰስሻትን፣ ዓይንሽ ያያትን። ምክር አትጨምሪበት። ፊደል ባትቆጥሪም ትችያለሽ፤ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እርሷ ትጽፋለች። ከየት ልጀምር ካልሽም፣ አንቺስ ከጎታው ጀርባ የሸሸግሽው ደብተር ምን ነበር?

እግዚአብሔር ከልጆችሽ ጋር በሰላም ያገናኝሽ።