አንድ ሃይላንድ ሙሉ ሃይድሮጅን

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ሃይድሮጅን እየሠራ በላስቲክ ከረጢት ያጠራቅማል። ተማሪዬ ከሥሩ «ቲቸር፣ ልጄ ይሄን ካልሞከርኩ ብሎ አስቸግሮኛል፤ ምን ልበለው?» ብሎ ጽፏል። ለሱ ብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። በዚህ ጉዳይ የቆየ ዕዳ አለብኝ።

2001 ዓ.ም. ላይ ራቤል ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ራቤልን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ውርጩን፣ የማለዳውን የኩበት ጭስ። ቤተ ሙከራችን አንዲት ቁም ሳጥን ነበረች። ትንሽ ዚንክ፣ የቀጠነ አሲድ፣ ጥቂት ቴስት ቲዩብ። ዚንኩ አሲዱ ውስጥ ሲገባ ይንተከተካል። የሚወጣውን ጋዝ በተደፋ ቴስት ቲዩብ ይዤ ክብሪት ሳስጠጋለት «ጷ!» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ ቲዩቡን እያዞርኩ ውስጡ የቀረውን እርጥበት አሳያለሁ። «አያችሁ? ነዶ ውኃ ሆነ! ስሙ ራሱ ውኃ አስገኚ ማለት ነው። ጭስ የለው፣ አመድ የለው!»

በዚያው ሞቅታ «ቤታችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ» አልኩ። ምላሴን ልቁረጠው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጁ ባና ተከናንቧል። ቅንድቡ የለም፤ መዳፉ ውኃ ቋጥሯል።

«መምህር፣ ልጄን ምን አስተማሩብኝ?» አሉኝ።

ዚንኩን ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ልጦ፣ አሲዱን ከመኪና ሠሪ ለምኖ ነው። ሦስት ማታ ትንሽ ትንሽ እያለ በሃይላንድ አጠራቀመ። በአራተኛው ማታ ለታናናሾቹ ሊያሳይ ኩራዝ አጠገብ ከፈተው።

«ለምንድን ነው ያጠራቀምከው?» አልኩት።

«ለእማዬ ቡና ማፍያ።»

እናትየው ፊታቸውን አዞሩ። ዓይናቸው ከጭስ ብዛት የቀላ ነበር።

እንግዲህ ያኔ ያላስተማርኩትን ዛሬ ልጻፍ።

መጀመሪያ፣ ያ ሁላችንን ያሳቀን «ጷ» ማስጠንቀቂያ ነበር። ንጹሕ ሃይድሮጅን ዝም ብሎ ነው የሚነደው፤ የሚጮኸው አየር ሲቀላቀልበት ነው። ልጁ ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ቀላሉ ጋዝ ወደ ላይ አመለጠ፣ በምትኩ አየር ገባ። የቡታ ጋዝ አየር ውስጥ በግምት ከ2 እስከ 10 በመቶ ሲሆን ነው የሚቀጣጠለው። ሃይድሮጅን ግን ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ሁሉ ይቀጣጠላል። ለመነሻ ክብሪትም አይፈልግም፤ ሹራብ ስታወልቁ የምትንጣጣዋ ብልጭታ ትበቃዋለች። ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ሃይድሮጅን ለመሥራት ይቀላል፣ ለማስቀመጥ ግን መከራ ነው። ከሞለኪውሎች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ፊኛ ብትሞሉት ከፊኛው ቆዳ ሾልካ ትወጣለች። አንዳንዱን ብረት ሳይቀር ገብታ ታሰባብረዋለች። በሃይድሮጅን የሚሄዱ መኪኖች በ700 ከባቢ አየር ግፊት በልዩ ታንክ ነው የሚይዟት። ፈሳሽ ትሁን ካላችሁ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ አለባችሁ። እኛ በሃይላንድ!

ሦስተኛው በጣም የሚቆጨኝ ነው፤ የሒሳብ ጉዳይ ስለሆነ። 65 ግራም ዚንክ ተሟሙቶ ቢያልቅ የሚሰጠው 2 ግራም ሃይድሮጅን ነው። ይሄ ከአንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በላይ ቦታ ይይዛል። ያ ሁሉ ጋዝ ምንም ሙቀት ሳይባክን ቢነድ እንኳ አንድ ሊትር የራቤል ውኃ አያፈላም። አንድ ጀበና አያፈላም፣ የልጅ እጅ ግን ይወስዳል። የሞልን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ከርሜ ይህችን አንዲት ስሌት አብሬው ብሠራ ኖሮ፣ ልጁ ያን ሁሉ ማታ አይደክምም ነበር።

መዳፉ ዳነ፤ ቅንድቡም በቀለ። ግን ዓመቱን ሙሉ ክብሪት በጫርኩ ቁጥር የኋላ ወንበር ላይ ሲሸማቀቅ አየው ነበር።

ለጠየቅከኝ ወንድሜ፦ ልጅህን አትከልክለው፣ ብቻውንም አትተወው። ትምህርት ቤት፣ ከመምህሩ ጋር፣ መነጽር አድርጎ፣ አንዲት ቴስት ቲዩብ ብቻ። ሠርቶ እዚያው ይጨርሳት። ጠርሙስ የለም፣ ፊኛ የለም፣ «ለነገ» የለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ ጠይቀው። እኔ የጠየቅኩት ከተቃጠለ በኋላ ነው።

አንተም የዚያን ጊዜው ልጅ፣ ይሄን ካነበብከው ይቅርታህን። የእማማንስ ዓይን እንዴት አደረጋችሁት? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።