የበሶ ጭብጦ በማር

ስለ ምግብ መጻፍ የወይዘሮዎች ፋንታ ነው የሚል ሰው ቢኖር ክርክር አልገጥመውም። ነገር ግን አባት የሆነ ሰው ልጆቹ የሚበሉትን ሳያውቅ ቢቀር ነውሩ የራሱ ነው። እኔን ብዕር ያስነሣኝ የሴት ልጄ ጥርስ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በላስቲክ የተጠቀለለ ብስኩት እየያዘች ትሄድ ነበር፤ እኛም ጊዜ የሚቈጥብ መስሎን ዝም አልናት። ባለፈው ዓመት ሁለት መንጋጋዎቿ ተበልተው ሐኪም ነቀላቸው። ያን ሌሊት ስታለቅስ ሳድር እናቴ ትዝ አለችኝ።

እኔ በልጅነቴ ከካዛንቺስ ወደ ዑራኤል ደጅ ፊደል ልቈጥር ስሄድ፥ እናቴ በሶውን በማር ለውሳ፥ በመዳፏ ጨብጣ፥ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኝ ነበር። ጭብጦ መባሉም ስለ መጨበጡ ነው። (እኛ በፍርድ ቤት የክርክሩን ፍሬ ነገር ለይተን ስንመዘግብ «ጭብጥ ተያዘ» እንላለን፤ መዝገብ በጻፍሁ ቍጥር የእናቴ እጅ ይታየኛል።) ከሩቅ አገር የመጡት የቆሎ ተማሪዎች ስንቃቸው ይኸው በሶ ነበር፤ ማሩን ግን የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፥ ሌሎቹ ልጆች ዳቦ በማርማላታ ሲበሉ አይቼ ጭብጦዬን በኪሴ ደበቅሁ። እናቴ ይህን ሳታውቅ ሞተች።

እንግዲህ በሶ በምድጃ ሳይጋገር የሚበላበት ምክንያት አስቀድሞ እሳት ስላየ ነው። ገብሱ ታጥቦ ይቈላል፤ ተሸክሽኮ ገለባው ይነሣል፤ እንደገና በዝግታ ተቈልቶ ይፈጫል። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ገለባውን በቀላሉ ስለሚለቅ ድካሙን ያቃልላል። ያልተቈላ ዱቄት ግን በጥሬው ለሆድ አይበጅምና በበሶ ፈንታ ማንም አይግባበት። የቲቤት ሰዎችም የተቈላ የገብስ ዱቄት «ፃምፓ» ብለው ከሻይና ከቅቤ ጋር እየለወሱ ይመገባሉ። በአሜሪካ አገር ደግሞ በ1939 እ.ኤ.አ. ከኬሎግ ኩባንያ ሠራተኞች አንዷ፥ ሚልድረድ ዴይ የተባለች ሴት፥ የተፈነዳ ሩዝን በቀለጠ ጣፋጭ አጣብቃ ሳይጋገር የሚቈረጥ ምግብ አወጣች ይባላል። እናቶቻችን ግን ይህን መላ የኩባንያ ስም ሳይኖራቸው በመዳፋቸው ያውቁት ነበር።

ልሠራው በተነሣሁ ጊዜ የገጠመኝ ችግር ሙቀጫ ማጣት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ መምጣቱን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅታቸው በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፥ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በብዛት ሲፈርስ ጎረቤቶቻችን ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ ሄዱ። እኛ በፎቅ ቤት ስለምንኖር ቀረን፤ ሙቀጫ ያውሱን የነበሩት አሮጊት ግን፥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፥ ሙቀጫቸውን አስጭነው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። በፎቅ ላይ ገብስ ብሸከሽክ ደግሞ ከታች ያለው ጎረቤት ይከሰኛል፤ መዝገቡንም የምከፍተው እኔው ነኝ! ስለዚህ ተሸክሽኮ የተቈላውን ገብስ ገዝቼ በወፍጮ ቤት አስፈጨሁት።

መጀመሪያ ማሩን ሳላፈላ ብለውሰው በማግሥቱ ተፈርፍሮ የልጄን ደብተር ሞላው። ሁለተኛ ጊዜ አብዝቼ ባፈላው እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ ለጥርስ ብዬ የሠራሁት ጥርስ ሊሰብር ሆነ። በሦስተኛው የተቃናልኝ እንዲህ ነው። በሶ አንድ ኩባያ ተኩል፤ የተከካ ፈንዲሻ ሁለት ኩባያ፤ የታመሰ ሰሊጥ ግማሽ ኩባያ፤ ተቈልቶ የተወቀጠ ለውዝ ግማሽ ኩባያ፤ ጨው በጣት ቍንጥር። እነዚህን በሰፊ ዕቃ አደባለቅሁ። ማሩን አንድ ኩባያ፥ ይኸውም 340 ግራም ያህል፥ ከሁለት ማንኪያ ቅቤ ጋር (በጾም ከዘይት ጋር) በቀዝቃዛ እሳት ላይ ጥጄ፥ አረፋው ከተነሣ በኋላ አራት ወይም አምስት ደቂቃ አቈየሁት። አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ሲጥሉት ሳይበተን ለስልሶ ከተሰበሰበ ደርሷል። ወዲያው ከደረቁ ጋር ማማሰል፥ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ አፍስሶ በማንኪያ ጀርባ አጥብቆ መጫን፥ ሞቅ እንዳለም በቢላዋ 24 ቦታ መቍረጥ ነው። ሲበርድ ፈንዲሻው ይንኰሻኰሻል። ፈንዲሻውና ለውዙ ሕፃናትን ሊያንቅ ስለሚችል ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጥም።

ስለ ማሩ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከመርካቶ የገዛሁት ማር በጥር ብርድ ረግቶ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆነ። ስኳር ጨምረህበታል ብዬ ሻጩን በሰው ፊት ዘለፍሁት። በኋላ ንብ የሚያረባ ወዳጄ፥ ንጹሕ ማርም ግሉኮስ የሚባለው ጣፋጭ ስላለበት እንደሚረጋ፥ በሙቅ ውሃ ሲያሞቁትም እንደሚቀልጥ አስረዳኝ። ምስክር ሳልሰማ ፈረድሁ፤ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታዬን ተቀበለ፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

ደግሞም ከተፈጥሮ የተገኘ ነው ሲባል እንደ ልብ ይበላል ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የማርንም ጣፋጭ ከስኳር ጋር አንድ አድርጎ ቈጥሮታል፤ ከቀኑ ምግብ ኃይል ከመቶ 10 እጅ እንዳያልፍ ይመክራል። በእኔ ስሌት በአንዱ ቍራጭ ውስጥ 11 ግራም ያህል ስኳር አለ። ለልጄ በቀን አንድ ብቻ እሰጣለሁ፤ ከበላችም በኋላ አፏን ትጉመጠመጣለች።

በየካቲት እማማ አራስ ቤት ሳይደርሱ በመቅረታቸው እየተጸጸቱ፥ የአምስት ወር ልጃችንን ሊያዩ መጡ። እኔ ማሩን አፍልቼ ድስቱን ገና አላጠብሁም ነበር። ሕፃኑን ታቅፈው፥ በድስቱ ጠርዝ የቀረውን ማር በጣታቸው ነክተው ወደ አፉ አስጠጉ። ባለቤቴ ደነገጠች፤ የሽማግሌ እጅ እንዴት ይያዛል?

«እማማ፥ ይቈዩኝ!» አልሁ፤ ከሚገባው በላይ ጮኼ።

«ምነው ልጄ፥ መርዝ አስመሰልኸው? እኔ ስድስት ልጆች አፋቸውን በማር አሟሽቼ አሳድጌያለሁ።»

ባለቤቴ ለክትባት በሄደች ጊዜ ነርሷ የነገረቻትን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ዘር ሊኖር ይችላል፤ በትልቅ ሰው አንጀት አይበቅልም፥ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ሆድ ግን በቅሎ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ሕፃኑ ሆዱ ይደርቃል፥ ልቅሶው ይደክማል፥ መጥባት ያቅተዋል፥ ሲብስም ትንፋሽ ያጥረዋል። በቤት እሳት ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። ሐኪሞች በሽታውን በሕፃናት ላይ ለይተው ያወቁት በ1976 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፥ የቀደሙት እናቶች ሊያውቁት አይችሉም ነበር።

እማማ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሕፃኑን ተመለከቱት።

«የወለድኋቸው ስምንት ነበሩ» አሉ።

በማር ነው ለማለት ማንም አይችልም፤ እርሳቸውም አላሉም። እኔም መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ቡና አፈላች፤ ከበሶውም ቈርሳ አቀረበችላቸው። እማማ ቀስ ብለው አኘኩና «በሶው ጥሩ ነው፤ አቈላሉ ግን ትንሽ ይቀረዋል» አሉኝ። ሊሄዱ ሲነሡ ሕፃኑን ግንባሩን ስመው፥ «መስከረም ሲጠባ ዓመት ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ እኔው መጥቼ አቀምሰዋለሁ፤ ከእኔ በፊት ማንም እንዳይቀድመኝ» ብለው አስጠነቀቁን። ሴት ልጄም ሁለት ቍራጭ በወረቀት ጠቅልላ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠረችላቸው።