እናቴስ የት ትቀመጥ?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የለንደን ወጣቶች ከሞተር ብስክሌታቸው ላይ ትርፍ የመሰላቸውን ሁሉ ይነቅሉ ነበር። መሪዋ ዝቅ፣ እግር መርገጫዋ ወደ ኋላ፣ ኮርቻዋ ለአንድ ሰው ብቻ! ከዚያ ኤስ ካፌን ከመሳሰለ ቡና ቤት ተነሥተው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለመብረር ይሽቀዳደማሉ። «ካፌ ሬሰር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

እኔም የአባቴን አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 እንዲህ ላደርጋት ተነሣሁ። የተማሪን ኪስ መቼም ታውቁታላችሁ። ደግነቱ ሥራው ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። መሪውን ገልብጦ ማሰር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሲዞር የፍሬንና የፍሪሲዮን ሽቦ እንዳይወጠር ማየት ነው። ፓራፋንጎው ያጥራል፤ ሳልባትዮው በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ይቀባል። ያለችኝን ብር ግን ለፍሬን ሸራና ለጎማ አዋልኳት፤ በነዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

የቀረው ኮርቻው ነበር። እዚሁ ሐዋሳ መናኸሪያ ሰፈር ያለው በያጅ ቴላዮውን ከኋላ ሊቆርጥልኝ መጋዙን አንሥቶ፣ «ለመሆኑ ከኋላ የሚቀመጥ የለም?» አለኝ።

እንዴት አይኖር! ገበያ በዋለ ቁጥር እናቴ ከነዘንቢሏ ከአባቴ ኋላ ናት። የለንደኑ ልጅ ለብቻው ይጋልብ፤ በኛ ቤት ዶቅዶቄ ማለት የቤተሰብ በቅሎ ናት።

«ተወው፣ አትቁረጠው» አልኩት። የረጅሙን ኮርቻ ስፖንጅ ቀነስ አድርገን ጥቁር ቆዳ አለበስነው።

ይቺ ካፌ ሬሰር አይደለችም የሚል ጓደኛ ካለ እናቴን ይጠይቅ። «አሁን ገና አማረባት» ብላለች።