«ረክተዋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት

የድሮ ወታደር ከሕክምና ሲወጣ «ረክተዋል ወይ?» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ»። አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ አንድ እግራቸውን ጦር ሜዳ ትተው የተመለሱ ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው። መጠይቅ የያዘ ሰው ቢሆን «በጣም ረክቷል» ላይ ምልክት አድርጎ ይሄድ ነበር። እኔ «መድኃኒቱንስ አገኙት?» አልኳቸው። ሳቁ። «ወረቀቱን አግኝቻለሁ።»

ወታደር ሳሉ ቢቆስሉ የሚያሳክማቸው ሠራዊቱ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ተበተነ፤ ቁስሉ ግን አብሮ አልተበተነም። ዛሬ እንደ ማንኛውም ገበሬ የጤና መድኅን ደብተር ይዘው ይሰለፋሉ። ደብተሩን አልንቀውም። ወረዳቸው ተሁለደሬ በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በአገሪቱ ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ ስንቱ ላሙን ሳይሸጥ ታክሞበታል። ግን መስኮቱ ላይ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ከተባለ ደብተሩ ምን ይፈይዳል?

የእግሩ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። የተቆረጠው ቦታ እየከሳ ሲሄድ ሰው ሠራሹ እግር ይላላል፣ ሲላላ ይፈገፍጋል፣ ወደ ሐይቁ ቁልቁል ሲወርዱበት ቆዳውን ይልጠዋል። ለማስተካከል ደሴ ድረስ መሄድ አለ። የመኪናውን ሒሳብ መድኅኑ አይከፍልም። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ወጣት ቁስለኞች ወረፋው ላይ ተጨምረዋል።

«ለብቻቸው ሆስፒታል ይሠራላቸው» የሚል አይጠፋም። አሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮቿ የራሳቸው ሆስፒታሎች አሏት፤ ሆኖም በ2006 ፊኒክስ ላይ የወረፋው ርዝመት በመዝገብ ሲደበቅ ኖሮ ሲጋለጥ ሚኒስትሩ ሥልጣን እስከ መልቀቅ ደርሰዋል።

ጋሼ ከልባቸው ያመሰገኑት አንዲት ነርስ ነው። ቁስሉን እያጠበች «አባባ፣ የት ነው የቆሰሉት?» አለቻቸው። «ናቅፋ» አሉ። የት እንደሆነ አታውቅም፤ ጠየቀች፣ ነገሯት፣ ፋሻው እስኪያልቅ አወሩ። አሁን ከቀጠሮ በፊት ተረኛ መሆኗን በልጃቸው ስልክ ያስጠይቃሉ። ካልሆነች ቀኑን ይለውጣሉ።

ይህን ስል ጤና ቢሮዎች ደስ እንዳይላቸው። «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው ሥልጠና ጥሩ ነው፤ ለባዶ መድኃኒት ቤት ግን መሸፈኛ አይሆንም። መጠይቁ ላይ «ረክተዋል?» የሚለውን አውጡና ሌላ አስገቡ፦ ከታዘዘልዎ ስንቱን እዚሁ አገኙ? እግርዎ መጨረሻ የተለካው መቼ ነው? ከኪስዎ ስንት አወጡ?