ባሕር ዛፍ ያለጊዜው ቅጠሉን ሲያራግፍ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ከየመንደሩ ጥግ ባሕር ዛፍ አያጣም። በአጼ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ዛሬ ለገበሬው አጣና፣ ማገርና ማገዶ ነው፤ በቸገረ ጊዜም ተቆርጦ የሚሸጥ ጥሪት ነው። ስለዚህ ችግኙ ወይም ከጉቶ ያቆጠቆጠው ቀንበጥ ቅጠሉን ያለጊዜው ሲያራግፍ ሁሉንም በዝናብ እጥረት ማሳበብ አይበቃም። ድርቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያረግፈው ከአሮጌው ቅጠል ጀምሮ ነው። ለጋው ቅጠል ከተጣመመ፣ አጥንቱና እጀታውም ካበጡ ግን ነፍሳት መጠርጠር አለባቸው።

በዚህ የምትታወቀው ሌፕቶሲቤ ኢንቫዛ የምትባል፣ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ተርብ ናት። እንቁላሏን በለጋው ቅጠልና ቀንበጥ ውስጥ ትጥላለች፤ እጩ በዚያ በሚፈጠረው እባጭ ውስጥ ሲያድግ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ችግኙም ይቀጭጫል። ይበልጥ የምታጠቃው ቀይ ባሕር ዛፍን ቢሆንም ነጩም ከጥቃቷ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በመካከለኛው ምሥራቅ ታየች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኬንያና ኡጋንዳ ደረሰች፤ በኢትዮጵያም ተገኝታለች። ይህን ያህል መንገድ በራሷ ክንፍ ብቻ አልሄደችም፤ ሰው ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውረው ችግኝ አጓጉዟታል። ስለዚህ መከላከሉ መጀመር ያለበት ከችግኝ ጣቢያ ነው።

«መድኃኒት ብንረጭ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። እጩ በእባጩ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ከላይ የሚረጨው በቀላሉ አያገኘውም። ይልቁንም የባሕር ዛፍ አበባ የሚቀስሙ ንቦችን ይጎዳል። እስራኤል የተርቧን የተፈጥሮ ጠላቶች ከአውስትራሊያ አምጥታ ለቀቀች፤ ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላ ዝርያ ለቃለች። ይህ ግን የተመራማሪና የመንግሥት ሥራ እንጂ ገበሬው ብቻውን የሚወጣው አይደለም።

«ትልቁን ዛፍ ካልገደለችው ምን ያስጨንቃል?» የሚለውም ክርክር አለ። ትልቁ ዛፍ ብዙ ጊዜ እንደማይሞት እውነት ነው። የገበሬው ገቢ ግን የሚቀጥለው ዛሬ በሚተከለው ችግኝና ከጉቶው በሚወጣው ቀንበጥ ነው። «እንግዲያው ባሕር ዛፍ ይቅር» የሚሉትም ለገበሬው የሚተካለትን ገቢ አላሳዩም። የሚሻለው ከሐምሌ ተከላ በፊት ችግኙን እያገላበጡ መመርመር፣ እባጭ ያለበትን ከጣቢያው ሳይወጣ ማቃጠል፣ ወይራ፣ ጽድና ኮሶንም አብሮ መትከል ነው። የችግኝ ጣቢያ ስኬት ባከፋፈለው ብዛት ብቻ መለካቱ ይብቃ፤ የታመመ ችግኝ ለገበሬ አለመስጠቱም ይቆጠርለት።